የቱርቦ ናፍጣ መኪና ግፊትና አነሳስ፦ ጅማ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ሃይሉክስ፣ ፕራዶ፣ አባዱላ፣ ዲማክስና መሰል ቱርቦ (በጭስ ኃይል እየዞረ አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ) ያላቸውን ናፍጣ መኪኖች ለሚነዱና ለሚጠግኑ ነው። የግፊት ቁጥሮቹ ለጅማ ከፍታ የተሰሉ ስለሆኑ ከጥገና መጽሐፉ ጋር ባይገጥሙ አይደንግጡ። መጽሐፉ የሚያወራው ስለ ባሕር ጠለል ነው።

መኪናዬ ዳገት ላይ ይሞታል። ኮምፒውተሩን ሪማፕ ባስደርገው (ፕሮግራሙን ባስቀይረው) ይሻላል?

ገና ነው። ጉልበት ያጣ ቱርቦ ናፍጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው በአየር ነው፤ የነዳጁ ተራ ኋላ ይደርሳል። የተቀደደ ማኒኮቶ (የጎማ ቱቦ)፣ የላላ ፋሸታ (የቱቦ ማሰሪያ)፣ የታፈነ የአየር ፊልትሮ፣ በጥቀርሻ የተያዘ ቱርቦ፣ የሚያፈስ የቫኪዩም (አየር ተስቦ ባዶ የሚደረግ) ቱቦ። እነዚህ ሳይታዩ ሶፍትዌር መቀየር የጎደለውን አየር በነዳጅ ለመተካት መሞከር ነው፤ ትርፉ ጥቁር ጭስና የጋለ ፒስተን ነው። ፋብሪካው የመደበለትን ግፊት እንኳ በጊዜው መድረስ ያቃተው መኪና ላይ የበለጠ ግፊት የሚያዝ ፕሮግራም ሲጫን ቱርቦው ትእዛዙን ለማሟላት ይበልጥ ይሮጣል እንጂ ቀዳዳው አይደፈንም።

ከፍታው በእርግጥ ያን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል። ጅማ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የከባቢ አየሩ ግፊት 82 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው። ባሕር ጠለል ላይ 101 ነው። አዲስ አበባ ሲገቡ ወደ 76 ይወርዳል፣ ግቤ ድልድይ ላይ ሲደርሱ ወደ 89 ከፍ ይላል። ግቤ በረሃ ውስጥ ደህና ይጎትት የነበረ መኪና ወደ ሰኮሩ ሲወጣ የሚሰንፈው ዳገቱ ስለከበደው ብቻ አይደለም፤ አየሩም እየሳሳበት ነው።

ሒሳቡን እንየው። ሞተሩ ማኒፎልዱ (አየሩ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚከፋፈልበት ቱቦ) ውስጥ 200 ኪሎ ፓስካል ፍጹም ግፊት፣ ማለት ከባዶ ተነሥቶ የሚቆጠር ግፊት፣ ቢፈልግ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ቱርቦው አየሩን 2 እጥፍ ቢያምቅ ይበቃዋል። ጅማ ላይ 200 ለ82 ሲካፈል 2.4 ይሆናል። ፊልትሮው ታፍኖ ከቱርቦው በፊት 5 ኪሎ ፓስካል ከበላ ደግሞ 2.6 ይደርሳል። ይህ ጭማሪ የሚገኘው ከቱርቦው ፍጥነት ብቻ ነው፤ ትንሽ ቱርቦ ሙሉ ሥራ ላይ ሲሆን በደቂቃ ከ150,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል፣ ከዚያ በላይ ሲገፋ ኩሽኔታውና ዘንጉ ናቸው የሚከፍሉት። ዱባይ ላይ ተሞክሮ «ምርጥ ነው» የተባለ ፋይል ጅማ ላይ እንዳለ መጫን የሌለበት ለዚህ ነው።

አነሳሱም በዚያው ልክ ይጎዳል። ቱርቦው እስኪነሳ ድረስ ሞተሩ የሚስበው አየር ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያነሰ ነው። ስለዚህ በ1,200 ዙር አራተኛ ማርሽ ላይ ሆኖ ፔዳሉን እስከ ወለል መርገጥ ጭስ እንጂ ጉልበት አይሰጥም። ማርሽ ቀንሶ ሞተሩን ከ1,800 ዙር በላይ ማቆየት የትኛውም ፕሮግራም የማይተካው ነጻ መፍትሔ ነው።

ስልኬ ላይ ያለው አፕ ሞተሩ ጠፍቶ እያለ ቡስት (ከከባቢ አየር በላይ ያለው ግፊት) −19 ይላል። ሴንሰሩ ተበላሽቷል?

አልተበላሸም። አፑ ካነበበው ላይ የባሕር ጠለሉን 101 ቀንሶ ነው የሚያሳየው፤ 82 ሲቀነስ 101 እኩል −19። ከቡስቱ ይልቅ የማኒፎልዱን ፍጹም ግፊት እንዲያሳይ ያድርጉት። ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሳ ከ81 እስከ 83 ማንበብ አለበት። 70 ወይም 95 ካለ ሴንሰሩን አውጥተው ቀዳዳው ላይ የተጋገረውን ጥቀርሻ ያጽዱ፤ ካልተስተካከለ ይቀይሩት። በተሳሳተ ሴንሰር ላይ የሚደረግ ማስተካከያ ሁሉ የተሳሳተ ነው።

ችግሩ የት እንዳለ በቁጥር እንዴት ይለያል?

የኦቢዲ ማንበቢያ (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ) ይሰኩና አምስት ነገሮችን አብረው ይቅዱ፦ የሞተር ዙር፣ የታዘዘው ግፊት፣ የደረሰው ግፊት፣ ለቱርቦው መቆጣጠሪያ የተሰጠው ትእዛዝ በመቶኛ፣ እና የናፍጣ ሬል (ናፍጣው ወደ ኖዝሎቹ፣ ማለት ወደ ረጪዎቹ፣ ከመግባቱ በፊት ታምቆ የሚቆይበት ቱቦ) ግፊት። ርካሾቹ ማንበቢያዎች የታዘዘውን ግፊት ላያሳዩ ይችላሉ፤ ያኔ የመኪናውን ዓይነት የሚያውቅ ስካነር ያስፈልጋል። ሞተሩ ሲሞቅ ሦስተኛ ማርሽ ላይ በ1,500 ዙር ይጀምሩና ፔዳሉን ሙሉ ረግጠው እስከ 3,500 ያድርሱት። ወደ ጅሬን የሚወጣው ዳገት ሰውና ባጃጅ በሌለበት ሰዓት ይበቃል። ስልኩን የሚይዘው ሌላ ሰው ይሁን።

ከዚያ የተቀዳውን ማንበብ ነው። በ2,000 ዙር 200 ታዝዞ 155 ብቻ ከደረሰና የመቆጣጠሪያው ትእዛዝ ጫፉ ላይ ተጣብቆ ከቀረ፣ ኮምፒውተሩ የሚችለውን ሁሉ አዝዟል፤ አየሩ ይፈሳል ወይም ቱርቦው አይታዘዝም። ብዙ ጊዜ ኮምፒውተሩ የሚያሳየው የጥፋት ኮድ ፒ0299 ነው። 200 ታዝዞ 240 ደርሶ ሞተሩ በድንገት ከሰነፈና መብራት ካበራ፣ የቱርቦው ክንፎች (ጭሱን ወደ ተሽከርካሪው የሚመሩት ተንቀሳቃሽ ቅጠሎች) በተዘጋው አቅጣጫ ተጣብቀዋል፤ ኮዱ ፒ0234 ይሆናል። የደረሰው ከታዘዘው በላይና በታች እየዋለለ ከሄደ ጥፋቱ ቁጥጥሩ ላይ ነው። ሁለቱ ተጣጥመው እየሄዱ መኪናው አሁንም ከሰነፈ ቱርቦውን ይተዉት፤ ሬሉን፣ የናፍጣ ፊልትሮውን፣ የአየር መጠን ሴንሰሩን፣ አልፎ አልፎም የያዘ ፍሬን ይመልከቱ።

የአየር ማፍሰሻ እንዴት ይገኛል? ቱቦዎቹን አየኋቸው፣ ደህና ናቸው።

በዓይን ደህና የሚመስል ማኒኮቶ ግፊት ሲገባበት ይከፈታል። በተለይ ከኢንተርኩለሩ (ከቱርቦው የወጣውን ትኩስ አየር ከሚያቀዘቅዘው) ሥር የሚያልፈው፣ በታችኛው ጎኑ፣ ፋሸታው ጠርዝ ላይ ይሰነጠቃል። ቆሞ ሲታይ ስንጥቁ ይገጥማል፤ ምልክቱ ቦታው ላይ አቧራ የያዘ እርጥብ የዘይት መስመር ነው። እጅዎን ከሥር አስገብተው ይዳስሱ፣ ጣትዎ ጠቁሮ ከወጣ አግኝተውታል።

እርግጠኛ ለመሆን በአየር ይፈተሽ። ከፊልትሮው ቀጥሎ ያለውን ቱቦ ይፍቱና የጎማ ቫልቭ በተገጠመበት ክዳን ቱርቦው መግቢያ ላይ ይዝጉት። ከኮምፕሬሰሩ የሚመጣውን አየር በመቀነሻ ወደ 1 ባር ያውርዱት፤ የጋራዡን 8 ባር በቀጥታ የለቀቀ ሰው የዘይት ሲሉን ወይም ኢንተርኩለሩን ያፈነዳል። የሳሙና ውሃ በየመገጣጠሚያው፣ በኢንተርኩለሩ ጥግ፣ በኢጂአር ቫልቩ (ከጭሱ ከፊሉን ወደ ሞተሩ በሚመልሰው) ዙሪያ ይርጩ። ከዘይት መሙያው የሚሰማ ቀጭን ፉጨት በፒስተን ፋሻ (ቀለበት) በኩል የሚያልፍ አየር ስለሆነ ያልፉት፤ ከማርሚታ (ከጭስ ማውጫው) በኩል የሚመጣው ክፍት ሆኖ የቆመ ቫልቭ ሊሆን ይችላል፣ ሞተሩን በእጅ ጥቂት አዙረው እንደገና ያዳምጡ።

በጭስ ማውጫው በኩል ያለውም አይረሳ። የጭስ ማኒፎልዱና ቱርቦው መካከል ያለው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ከተነፈሰ ቱርቦውን የሚያዞረው ጉልበት መንገድ ላይ ይቀራል፣ መኪናው ዘግይቶ ይነሳል። በቡሎኖቹ ዙሪያ ጥቁር የጥቀርሻ ጨረር ይታያል፤ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ሲነሳ «ጢክ ጢክ» የሚለው ድምፅም እሱ ነው።

በቫኪዩም የሚሠራውን መቆጣጠሪያ ስለካው መጽሐፉ ያለው ቁጥር አይደርስም። ፓምፑ ሞቷል?

ለብቻው ሳይለኩት አይጣሉት። መጽሐፎች ብዙ ጊዜ ከ650 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በላይ ይጠይቃሉ። የጅማ ከባቢ አየር በሙሉ 615 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ፍጹም ባዶ የሚያደርግ ፓምፕ እንኳ ያን ቁጥር እዚህ አያመጣም። 540 አካባቢ የሚስብ ፓምፕ ጤነኛ ነው። ከ450 በታች ከሆነ ፓምፑን ለብቻው ይለኩ፤ ብቻውን ሲለካ ደህና ከሆነ ቱቦው ወይም ሶሌኖይዱ (በኤሌክትሪክ የሚሠራው ቫልቭ) ነው የሚያፈሰው።

ከዚያ በእጅ ፓምፕ የቱርቦውን አክቹዌተር (ክንፎቹን የሚያንቀሳቅሰውን) ለብቻው ይሳቡት። ዘንጉ ያለ ማነቅ ለስላሳ ሆኖ እስከ መጨረሻው መሄድ፣ ቢያንስ ለአንድ ደቂቃ ሳይመለስ መቆየት፣ ሲለቀቅም በራሱ መመለስ አለበት። ቀስ እያለ የሚመለስ ከሆነ ዲያፍራሙ ተቀዷል። መንገድ ላይ እየተንቀጠቀጠ ከተጓዘ ክንፎቹ ጥቀርሻ ይዘዋል። የ3.0 ሊትሩ የቶዮታ 1ኬዲ ሞተር ቱርቦ በኤሌክትሪክ ሞተር ስለሚሠራ ቫኪዩም የለውም፤ በስካነር እንዲንቀሳቀስ ያዝዙትና ዘንጉን በዓይን ይከታተሉ።

የተያዙ ክንፎችን ማጽዳት ይቻላል ወይስ ቱርቦ መግዛት አለብኝ?

ዘንጉ ደህና ከሆነ ይጸዳል። መጀመሪያ ቱርቦውን ሳያወርዱ የመግቢያውን ቱቦ ይፍቱና ጎማውን፣ ማለት አየር መግፊያውን ተሽከርካሪ፣ ይያዙት። ወደ ጎን ትንሽ መንቀጥቀጥ የተለመደ ነው፤ ዘይት ሲገባ ይጠፋል። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲጎተት ግን በእጅ የሚሰማ ክፍተት መኖር የለበትም። ቢላዎቹ ግድግዳውን የጫሩ ወይም በአቧራ የተበሉ ከሆነ ጽዳቱ ድካም ነው።

ለማጽዳት ቱርቦው ይወርዳል። የትኩስ ጭስ ቤቱና መካከለኛው አካል በምን ማዕዘን እንደተገጣጠሙ በማይጠፋ ምልክት ያስምሩ። ቡሎኖቹን ዝገት መፍቻ አጠጥተው ማደር ይሻላል፤ ቸኩሎ የሰበረ ሰው ሁለት ቀን ይከፍላል። ክንፎቹን በካርቦን ማጽጃና በለስላሳ ሽቦ ብሩሽ ብቻ ያጽዱ። አሸዋ መርጨት ክፍተቱን ያሰፋዋል፣ ቅባት መቀባትም እዚያ ሙቀት ላይ ተቃጥሎ መልሶ ያጣብቀዋል፤ ደረቅ ሆኖ በነጻ መሄድ አለበት። የማቆሚያውን ቡሎን ፈጽሞ አይንኩ። የክንፎቹን ዝቅተኛ መክፈቻ የሚወስነው እሱ ነው፤ ግማሽ ዙር የተነካ ቱርቦ በማንኛውም ፕሮግራም አይገራም።

ሲመልሱ የዘይት መግቢያውን ቱቦና ባዶ ቡሎኑን በናፍጣ አጥበው ንጹሕ ዘይት ያጠጡ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን ያግቡ፣ ናፍጣው ተቋርጦ ሞተሩን 10 ሰከንድ ሁለት ጊዜ በሞተሪኖ ያዙሩት፣ ከዚያ አስነስተው ፔዳል ሳይነኩ ለሦስት ደቂቃ ይተዉት።

ቱርቦው ዌስትጌት (ግፊቱ ሲበዛ ጭሱን ከተሽከርካሪው ውጭ የሚያሳልፍ በር) ያለው የድሮ ዓይነት ነው። ዘንጉን ባጠብቀው ግፊት ይጨምራል?

ይጨምራል፣ ልክ አለው እንጂ። የዌስትጌቱ ስፕሪንግ የሚሠራው ከከባቢ አየር በላይ ባለው ግፊት ስለሆነ፣ በ80 ኪሎ ፓስካል የሚከፈት ዌስትጌት ባሕር ጠለል ላይ በድምሩ 181 ሲሰጥ ጅማ ላይ 162 ብቻ ይሰጣል። የጠፋውን ግማሽ ለመመለስ 10 ኪሎ ፓስካል መጨመር ምክንያታዊ ነው። ሙሉውን 19 መመለስ የቱርቦውን ፍጥነት ያለ ልክ ይገፋዋል፣ ኢንተርኩለር በሌላቸው የ2.5 ሊትር ሞተሮች ላይ ደግሞ የሚገባው አየር ይግላል፤ የተገኘው ግፊት ግማሹ ሙቀት ይሆናል።

ከመንካትዎ በፊት ዘንጉ በስንት ግፊት መንቀሳቀስ እንደሚጀምር በእጅ ፓምፕ ለክተው ይጻፉ። ዘንጉን በአንድ ጊዜ ከአንድ ሙሉ ዙር በላይ አያሳጥሩ፣ ዳዶውን ቆልፈው ዳገት ላይ ይለኩ። አነሳሱ ዘገምተኛ ከሆነ ደግሞ የዌስትጌቱን በር ይዩ፦ ቤቱ ላይ ካልገጠመ ከመጀመሪያው ጀምሮ ጭስ ያሾልካል። የምልክት ቱቦው አጭር፣ ያልደረቀ፣ በሁለቱም ጫፍ የታሰረ ይሁን። ይህች ቱቦ ከወለቀች በሩ አይከፈትም፣ ግፊቱ ማቆሚያ የለውም።

ሁሉም ተጠግኗል። አሁን ሪማፕ ቢደረግ ምን ይጠየቅ?

ባለሙያው ከመጀመሪያው ፋይል ቅጂ ያስቀምጥ፣ ከላይ የተባለውን ቀረጻ በፊትም በኋላም ያሳይ። የከፍታ ማስተካከያውን የሚያጠፋ ሰው ካጋጠመዎት መኪናዎን ይዘው ይውጡ።

ጥሩ አነሳስ ከፍተኛ ግፊት ማለት አይደለም። መቆጣጠሪያው ሁለት ክፍል አለው፦ ለየዙሩና ለየነዳጁ መጠን አስቀድሞ የተጻፈ ትእዛዝ፣ እና ስሕተቱን እያየ የሚያርም። የተጻፈው ትእዛዝ ለእውነተኛው ሁኔታ ቅርብ ከሆነ አራሚው የሚሠራው ትንሽ ነው። ግፊቱ በ2,000 ዙር ላይ ከታዘዘው 15 ኪሎ ፓስካል ዘልሎ ወዲያው ከተመለሰ ይታለፋል። 30 ዘልሎ ከቆየ፣ በዚያ ዙር ያለው የተጻፈ ትእዛዝ ሁለት ሦስት በመቶ ይቀነሳል፤ ከፍተኛውን ግፊት መቀነስ የተሳሳተ መድኃኒት ነው። ግፊቱ እንደ ማዕበል ከፍና ዝቅ ካለ አራሚው ቸኩሏል፣ በተለይ ስሕተትን የሚያጠራቅመው ክፍሉ ይቀነሳል። ነዳጁ ደግሞ አየሩን ይከተል። ጭስ ገዳቢውን፣ ማለት ነዳጁን ባለው አየር ልክ የሚወስነውን፣ ያላላ ፕሮግራም ፔዳሉ ሥር ፈጣን ይመስላል፣ ከኋላ ያለው ሹፌር ግን መንገዱን አያይም።

ኢንተርኩለር ያለው ጤነኛ ሞተር ላይ ከ15 እስከ 20 በመቶ የጉልበት ጭማሪ ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲሄድ መጀመሪያ እጅ የሚሰጠው ፍሪሲዮን ነው።

የጭስ ሙቀት መለኪያ ያስፈልጋል?

ከባድ ጭነት ለሚጎትት፣ ቡና ጭኖ ከአጋሮ ወይም ከቦንጋ ለሚመላለስ መኪና ከቡስት መለኪያ ይልቅ የጭስ ሙቀት መለኪያ ይጠቅማል። መለኪያው ከቱርቦው በፊት የጭስ ማኒፎልዱ ላይ ይገጠም፤ ከቱርቦው በኋላ የተገጠመ ሙቀቱን በመቶ ዲግሪና ከዚያ በላይ አሳንሶ ያሳያል። ረጅም ዳገት ላይ 650 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ምቹ ነው፣ 700 ሲጠጋ ማርሽ ቀንሰው ፔዳሉን ያላሉ። ማኒፎልዱን ሲበሱ ብናኙ ቱርቦው ውስጥ እንዳይገባ ማኒፎልዱ ይውረድ።

በሬል ሴንሰሩ ላይ የሚሰካው ትንሽ ቦክስስ?

ሳይቸግር ጤፍ ብድር። ቦክሱ ለኮምፒውተሩ የሬል ግፊቱ ዝቅተኛ ነው እያለ ይዋሻል፣ ኮምፒውተሩም አምኖ ይጨምራል። ስለ አየሩ የሚያውቀው ነገር የለም። ፓምፑና ኖዝሎቹ ከልካቸው በላይ ይሠራሉ፣ ከጀሪካን የተቀዳ ውሃ ያለበት ናፍጣ ሲጨመርበት ደግሞ ዕድሜያቸው ያጥራል።

1ኬዲ ሞተር ላይ የተለየ የሚታይ ነገር አለ?

አለ፣ ከማንኛውም ጉልበት መጨመር በፊት። ኖዝሎቹ ሥር ያሉት የመዳብ ቀለበቶች ሲያፈሱ የቃጠሎው ጭስ ወደ ዘይቱ ይገባል፣ ዘይቱ ይጠቁራል፣ ካርቦኑ ታች ያለውን የዘይት መሳቢያ ወንፊት ይደፍናል። ዘይት ሲያጣ መጀመሪያ የሚሞተው ቱርቦው ነው፣ ቀጥሎ ሞተሩ። የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት በኃይል የሚተነፍስና የሚሸት ከሆነ ቀለበቶቹ ይቀየሩ፣ የዘይት ገንዳው ወርዶ ወንፊቱ ይታይ። ይህን ሳያዩ አዲስ ቱርቦ ያስገቡ አዲሱንም ይቀብሩታል።

ሃርድ ቶፕ ላንድ ክሩዘሬ 1ኤችዜድ ነው፣ ቱርቦ የለውም። ባስገጥምለትስ?

ይቻላል። 4.2 ሊትሩ ሞተር ለቱርቦ አልተሠራም፤ ቅድመ ቃጠሎ ክፍሎቹ ሲግሉ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ይሰነጠቃል። ጅማ ላይ ግፊቱን 0.5 ባር ላይ ገትቶ የጠፋውን አየር መመለስ በቂ ነው፤ ነዳጁን እምብዛም ሳይጨምሩ እንኳ ጭሱ ይቀንሳል፣ ዳገቱም ይቀላል። የሙቀት መለኪያ ሳይገጠም ግን አይጀመር።

ኢጂአር ቢዘጋ ይፈጥናል?

ጤነኛ ኢጂአር ፔዳሉ ሙሉ ሲረገጥ ራሱ ይዘጋል፣ ስለዚህ ከፍተኛው ጉልበት ላይ ለውጥ የለም። ካርቦን ይዞት ክፍት የቀረ ከሆነ ግን ቡስቱን ያሾልካል፤ አውርደው ያጽዱት።

ፊልትሮውን በየስንት ጊዜ?

በበጋ ከአስፋልት ውጭ የሚሄድ መኪና በየሳምንቱ ይታይ። ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከ2 ባር ባልበለጠ አየር፣ ከወረቀቱ አንድ ስንዝር ርቀው ይንፉት። ሦስት ጊዜ ከተነፋ ይቀየር። ከፊልትሮው በኋላ ያለውን ቱቦ ውስጡን በጣት ይጥረጉ፤ ቀይ አቧራ ከያዘ ፊልትሮው አልገጠመም ወይም ቤቱ ተሰንጥቋል፣ አቧራውም የቱርቦውን ቢላዎች እየበላ ነው። ዘይት የተቀባ የስፖርት ፊልትሮ ለዚህ መንገድ አይሆንም።